ቅፁ ላይ ሰዓቱ አለ፣ እናትየዋ ግን የለችም

ሬዚደንት_ከኒኩ (ክር ከፋች)

ሰላም ለሁላችሁ። የህፃናት ሕክምና ሬዚደንት ነኝ፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የምሰለጥን ሐኪም። አሁን ያለሁት ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እኛ ጋ የካንጋሮ እንክብካቤ (ልጁን እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ ማቆየት) መከታተያ ቅፅ አለ። ያለ ጊዜው የተወለደው ልጅ እናቱ ደረት ላይ ስንት ሰዓት ዋለ፣ ስንት ግራም ጨመረ፣ ሙቀቱ ስንት ነው፣ ምን ያህል ወተት ወሰደ። ቅፁ ጥሩ ነው፣ እኔም እሞላዋለሁ። ግን አንዷ እናት በቀን ሶስት ሰዓት ብቻ ይዛ አጠገቧ ያለችው አስራ አምስት ሰዓት ስትይዝ፣ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ የሚፃፍበት ቦታ የለም። ራውንድ ላይ፣ ታካሚዎቹን በየአልጋቸው ስናይ፣ «እናትየዋ አትተባበርም» ይባልና ወደሚቀጥለው አልጋ እንሄዳለን። እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። በኦፕራሲዮን ወልዳ ቁስሏ እየጠዘጠዛት ሊሆን ይችላል። የምትቀመጥበት መደገፊያ የሌለው ዱካ ሊሆን ይችላል። ቤት ሌላ ልጅ ለጎረቤት ጥላ መጥታ ሊሆን ይችላል። ማን ጠየቃት?

ያሰብኩት እንዲህ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ እያንዳንዳችን፣ ኢንተርኑም (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪው) ሬዚደንቱም ነርሷም፣ አንድ ገፅ በአማርኛ እንፃፍ። የሕክምና ቃል ሳይበዛበት። ያየነውን፣ የሰማነውን፣ ቤት ከገባን በኋላም ከአእምሯችን ያልወጣውን። ከዚያ ተሰብስበን እናንብበው። ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሪታ ሻሮን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምራ ተማሪዎቿን ከዋናው ቻርት (ከታካሚው የሕክምና መዝገብ) ጎን ሌላ ቻርት ታስፅፋቸው ነበር። የሆስፒታሉ ቻርት ላይ የማይገባው፣ ግን የሆነ ቦታ መፃፍ ያለበት ነገር እዚያ ይገባል።

የሞከረ አለ? ከምርምር ሥነ ምግባር ጋር ያጋጨናል ወይ? ደግሞስ ጊዜ ይገኛል?

ሲስተር_ዘ

ዶክተር፣ መልሱን ከእኛ ከነርሶቹ ብትጠይቁ ግማሹን ታገኙት ነበር። በክፋት አይደለም የምልህ፣ ስለሚቆጨኝ ነው።

እናቶቹ ለምን ቶሎ እንደሚያወርዱት ልንገርህ። አንደኛው እርቃን ነው። ደረቷን ገልጣ ስትቀመጥ ወንድ ሐኪም ይገባል፣ ጥበቃ ይገባል፣ ኦክስጅን ሲሊንደር የሚገፋው ይገባል፣ የሌላዋ እናት ባል ይገባል። መጋረጃ የለንም። ነጠላዋን ብትደርብም ትሳቀቃለች። ሁለተኛው ቱቦው ነው። በአፍንጫው ቱቦ የገባለትን ልጅ ስትነካ የምትነቅለው ይመስላታል። ሶስተኛው አማት ናት። ልጅ በጀርባ ነው የሚታዘለው፣ ደረት ላይ ማሰር ከየት የመጣ ነው፣ ደግሞ አራስ እንዲህ ተገላልጣ ምች ይመታታል ትላለች። አማትየዋን ቁጭ አድርገን ካላስረዳን እናትየዋን ብቻ ማስተማር ዋጋ የለውም።

ዋናው ግን ይሄኛው ነው። እናትየዋ ከማዋለጃ ዲስቻርጅ ተደርጋለች፣ ልጇ ግን ተኝቷል። ስለዚህ በወረቀት ታካሚ አይደለችም። አልጋ የላትም። የሆስፒታሉ ምግብ አይደርሳትም። ማታ ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፋ የምታድር አራስ አለች፣ ጠዋት መጥተን «ሃያ ሰዓት ያዢው» እንላታለን። ሳትበላ ምን ወተት ይወጣታል? እኔ ከቤት አጥሚት በፔርሙዝ ያመጣሁበት ጊዜ አለ። ጓደኞቼም ያመጣሉ። ይሄ ቻርት ላይ ተፅፎ አያውቅም።

ስለዚህ ፃፉ። እኔም እፅፋለሁ። ግን ተፅፎ መሳቢያ ውስጥ የሚቀር ከሆነ ጊዜዬን አታባክኑብኝ።

ጥናት_አስተባባሪ

ሲስተር ያሉትን ነገር ጥናቶቹም ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ በቁጥር ተፅፎ ስለሆነ ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ካንጋሮ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ቦጎታ ነው፣ ኮሎምቢያ ዋና ከተማ ላይ። ዶክተር ኤድጋር ሬይ ኢንኩቤተር አንሶት፣ ሁለት ሶስት ልጅ አንድ ማሞቂያ ውስጥ ተደርድሮ ኢንፌክሽን ሲጨርሳቸው እያየ ነው ልጆቹን ለእናቶቻቸው የሰጣቸው። የመጣው ከእጥረት ነው። ለረጅም ጊዜም «የድሃ ሀገር ዘዴ» ተብሎ ነው የታየው።

ብዙ ሰው የማያውቀው የእኛኑ ነው። ጥቁር አንበሳ ላይ ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ልጁ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ቶሎ ደረት ላይ ቢደረግስ ብለው በዕጣ የተመደበ ጥናት ሰሩ። ውጤቱ በ2005 እ.ኤ.አ. ታተመ። 123 ክብደታቸው አነስተኛ የሆነ ልጆች፣ 62ቱ ካንጋሮ፣ 61ዱ የተለመደው እንክብካቤ። በተለመደው ወገን 38 በመቶ ሞቱ፣ በካንጋሮው ወገን 22.5 በመቶ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ በአንድ ሆስፒታል ነው። ግን ጥያቄውን ዓለም በሰፊው ከመጠየቁ ከአስር ዓመት በላይ ቀድመው እዚህ አዲስ አበባ ጠይቀውታል። ይሄን ስናገር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ትልቁ ጥናት በ2021 ወጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ያስተባበረው ነው፣ ጋና፣ ህንድ፣ ማላዊ፣ ናይጄሪያና ታንዛኒያ። 3,211 ልጆች፣ ክብደታቸው ከ1 ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ የማይሞላ። ከተወለዱ ወዲያው ካንጋሮ የጀመሩት በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት 12 በመቶ፣ እስኪረጋጉ የተጠበቁት 15.7 በመቶ። ልዩነቱ ግልፅ ስለነበር ጥናቱን የሚከታተለው ኮሚቴ ከጊዜው በፊት አስቆመው። በ2022 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ምክርም ከዚህ የተነሳ ነው፤ በተቻለ ፍጥነት ጀምሩ፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይላል።

አሁን ወደ ሲስተር ነጥብ። በዚያ ጥናት ልጆቹ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ሳሉ በቀን ወደ 17 ሰዓት ገደማ ደረት ላይ ውለዋል። እንዴት ተቻለ? እናትየዋ ራሷ ክፍሉ ውስጥ አልጋ ተሰጣት። የእናትና ጨቅላ ሕፃን የጋራ ክፍል ተሰራ። የእሷም የድህረ ወሊድ ክትትል እዚያው ልጇ አጠገብ ሆነ። በምትክ የሚይዝ ሰውም ተፈቀደላት። እኛ ምክሩን ወስደን አልጋውን ትተነዋል። ከዚያ ሰዓቱ ሲያንስ ጥፋቱን እሷ ላይ እናደርጋለን።

ስለ ሥነ ምግባሩ የጠየቅከው፦ ለመማማር የምትፅፉት ከሆነ የክፍሉ ጉዳይ ነው። ነገ «ከእነዚህ ፅሁፎች ጥናት ላውጣ» ካልክ ግን ሌላ ነገር ሆነ። የአይአርቢ (የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ) ፈቃድ ያስፈልግሃል፣ የፀሐፊዎቹም የእናቶቹም ፈቃድ። ሁለቱን አትቀላቅል። ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ቀበሌ፣ የተወለደበት ቀን አይፃፍ። ትንሽ ከተማ ላይ ከሆናችሁ «መንታ የወለደችው አስተማሪ» ማለት ስሟን መጥራት ማለት ነው።

የመንትዮቹ_እናት

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ይህን ክር እህቴ ልካልኝ ነው ያነበብኩት።

የሰባት ወር መንታ ወልጄ ነበር። አንዷ አለች፣ ትምህርት ቤት ገብታለች። ወንዱ አልተረፈም።

ሲስተር ያልሽው ሁሉ እውነት ነው፣ በተለይ የምግቡ። ልጨምርበት የምፈልገው አለ። ሁለት ሲሆኑ አንዱን ስይዝ ሌላው ማሞቂያ ውስጥ ነው። ማንን ልያዝ? ማንም አልነገረኝም። የደከመውን ልያዝ ወይስ የበረታችውን? ደካማውን ያዝኩ፣ እሷ ክብደት ስትቀንስ ደግሞ እሷን ያዝኩ። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ እንደሚቻል የሰማሁት እሱ ካረፈ በኋላ ነው። አንዲት ተማሪ ነርስ ናት የነገረችኝ፣ እሷም ያልኩትን ሰምታ አለቀሰች። እሷን አልረሳትም።

ሐኪሞቹ መጥፎ አልነበሩም። ይሮጣሉ። ግን ለእኔ የሚያወሩኝ ስለ ግራም ነበር። ትናንት ይህን ያህል፣ ዛሬ ይህን ያህል። እኔ ግራሙን ከእነሱ በላይ አውቀው ነበር፣ በእጄ ነው የምይዘው።

ትፅፋላችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስለ እኔ ከመፃፋችሁ በፊት ጠይቁኝ። «ስለ እናንተ ልፅፍ ነው፣ ስም የለበትም፣ ይሁን?» በሉ። እሺ የማትል ትኖራለች። እኔ ግን እሺ እል ነበር። እንዲያውም ምን ብላችሁ እንደፃፋችሁ ብታነቡልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሬዚደንት_ከኒኩ

እህቴ፣ ለወንዱ ልጅሽ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር፣ ሴቷን ያሳድግልሽ። የፃፍሽውን ለክፍላችን ሰዎች ላሳያቸው ፈቃድሽ ነው?

መንታን ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ይቻላል፣ አዎ፣ ጎን ለጎን ይታሰራሉ። ይህን እያንዳንዷ የመንታ እናት በመጀመሪያው ቀን መስማት አለባት። ነገ ጠዋት ራሱ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

የመንትዮቹ_እናት

ፈቃዴ ነው። አሳያቸው።

ሲኒየር_ህፃናት

እኔ ይህን ሁሉ ሳነብ ሁለት ስሜት ነው ያለኝ። ሀሳቡን እደግፋለሁ። ግን ጥንቃቄ ይኑር።

ካንጋሮን ሁሉን የሚያድን አድርጋችሁ አትሽጡት። በሀገራችን ጎንደር፣ ጅማና አዲስ አበባ ባሉ አምስት ሆስፒታሎች ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች ለምን እንደሚሞቱ የሚያጠና ትልቅ ጥናት ተሰርቷል፣ ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ወጣ። ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከገቡት 3,852 ልጆች 29 በመቶዎቹ በ28 ቀን ውስጥ ሞተዋል። ከምክንያቶቹ ዋናው፣ 45 በመቶው፣ የሳንባ አለመብሰል ያመጣው የመተንፈስ ችግር ነው። ቀጥሎ ኢንፌክሽን 30 በመቶ፣ መታፈን 14 በመቶ። ለሳንባው ሲፓፕ (በአፍንጫ አየር እየገፋ ሳንባው እንዳይዘጋ የሚያደርግ መሣሪያ) ያስፈልጋል፣ የማይቋረጥ ኦክስጅን ያስፈልጋል፣ ለኢንፌክሽኑ ውሃና ሳሙና ያስፈልጋል። ደረት ላይ ማድረግ እነዚህን አይተካም። በኡጋንዳ አምስት ሆስፒታሎች ገና ባልተረጋጉ ልጆች ላይ ተሰርቶ በ2024 የወጣው ጥናት በሰባተኛው ቀን የሞት ልዩነት አላሳየም፣ በሙቀትና በክብደት ጭማሪ ጥቅም አሳይቷል። ይህንንም ለወጣቶቹ ንገሯቸው። ውጤቱ እንዳሰብነው ያልሆነ ጥናትም ጥናት ነው።

የመፃፉ ነገር ላይ የምፈራው ሌላ ነው። ሐኪም ስለ ራሱ ስሜት ሲፅፍ ታካሚው ይጠፋል። ሶስት ፅሁፍ ታነባለህ፣ ሶስቱም «እኔ ምን ያህል እንዳዘንኩ» ነው። እናትየዋ ለማዘኛ መነሻ ብቻ ሆና ትቀራለች። እኔ የማስተምራቸውን እንዲህ እላቸዋለሁ፦ መጀመሪያ እሷ ያለችውን ቃል በቃል ፃፉ። ቀጥሎ ያያችሁትን። የእናንተ ስሜት መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ አጠር ብሎ። ከዚያ ነገ ምን ሊቀየር ይችላል የሚል አንድ መስመር። ያ መስመር ከሌለው ለክፍሉ ስብሰባ አታምጡት፣ ለራሳችሁ አስቀምጡት።

ኢንተርን_መ

ዶክተር ሲኒየር፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልበል። ስሜታችን መጨረሻ ላይ ይምጣ ማለት ይገባኛል። ግን ከእኛ መካከል ሌሊት ልጅ ሞቶበት ጠዋት ራውንድ ያቀረበ፣ ማንም «ደህና ነህ?» ሳይለው ኦፒዲ (ተመላላሽ ታካሚዎች ክፍል) የገባ ብዙ ሰው አለ። የት ይሂድ ያ?

ሌላው ፍርሃት ነው። ሎግቡክ (የሥልጠና መዝገባችን) ላይ ሪፍሌክሽን፣ ማለትም ከሥራችን ምን እንደተማርን፣ ፃፉ እንባላለን። ማርክ አለው። አለቃዬ ያነበዋል። ስለዚህ የምፅፈው አለቃዬ መስማት የሚፈልገውን ነው፣ «ከዚህ ብዙ ተምሬያለሁ» ምናምን። እንግሊዝ ሀገር በአንዲት ሬዚደንት ላይ በተፈረደው ጉዳይ የተነሳ በ2018 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች በሙሉ ተንጫጭተው ነበር፣ የፃፍነው ሪፍሌክሽን ነገ ፍርድ ቤት ይቀርብብን ይሆን ብለው። የሐኪሞች ተቆጣጣሪው አካል እኔ ለምርመራ አልጠይቅም ብሎ አሳወቀ፣ ፍርድ ቤት ግን ማዘዝ እንደሚችል ቀረ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ መመሪያ የሚያነሳ ሰው እንኳን አልሰማሁም። እና ስህተት ያየ ሰው እንዴት በነፃነት ይፃፍ?

ሲኒየር_ህፃናት

ልክ ነህ። ማርክ ያለው ነገር ላይ እውነት አይፃፍም። የእኔ ሀሳብ ሁለቱ ይለያዩ ነው። ስህተት ወይም አደጋ ካለ እሱ በሞት ኦዲት (ልጁ ለምን እንደሞተ በሚመረምረው አሠራር) በኩል ነው መሄድ ያለበት፣ ለዚያ መንገድ አለው፣ ቤተሰቡም ማወቅ ያለበትን ማወቅ አለበት። ማስታወሻው ያንን መሸሸጊያ መሆን የለበትም። ሌሊት ልጅ የሞተበት ሰው ጉዳይ ደግሞ ወረቀት ሳይሆን ሰው ነው የሚያስፈልገው። እኔ ጋ የሚሰራ ኢንተርን እንዲህ ሲሆን ራውንዱን ሌላ ሰው ያቀርባል። ይህን ማድረግ በጀት አይጠይቅም።

ነርስ_ስቶክሆልም

ሰላም ከስዊድን። እዚህ አንድ ነገር አለ፣ ለእናንተ የሚጠቅም ይመስለኛል።

በስካንዲኔቪያ ፅኑ ሕሙማን ክፍሎች ነርሶች ራሱን ላላወቀ ታካሚ ማስታወሻ ደብተር ይፅፉለታል። «ዛሬ ልጅህ መጥታ ነበር፣ እጅህን ይዛ ስለ ፈተናዋ አወራችህ» አይነት ነው። ሲነቃ ይሰጠዋል። ያመለጡትን ቀናት ይሞላበታል። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ በስድስት የአውሮፓ ሀገሮች 12 ሆስፒታሎች ላይ የተሰራ ጥናት ደብተሩን ካገኙት ታካሚዎች ከድንጋጤ በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ሕመም አዲስ የታየባቸው 5 በመቶ፣ ካላገኙት 13 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ያ በትልልቅ ሰዎች ላይ ነው። እኛ ጨቅላ ሕፃናት ክፍልም ለልጁ እንፅፋለን፣ ወላጆቹም ይፅፋሉ።

እኔ የምለው ደብተሩ የእናትየዋ ይሁን። ሐኪሙ ስለ እሷ ከሚፅፍ እሷ ታፅፈው። መፃፍ ካልቻለች ትናገር፣ ነርሷ ወይም ተማሪው ይፃፍላት፣ መልሶ ያንብብላት። ወደ ቤት ስትሄድ ይዛው ትሂድ። ልጁ ከሞተም እንድትወስደው ትጠየቅ፣ ዛሬ አልፈልግም ካለች ይቀመጥላት። እዚህ ከወራት በኋላ ተመልሰው የሚጠይቁ አሉ።

እዚህ ግን ማቴሪያሉ ሁሉ ተሟልቶ ነው። አባትም እናትም ክፍሉ ውስጥ ያድራሉ፣ የወላጅ ፈቃድ ደሞዝ አለው። ያንን ሳታገኙ ደብተሩን ብቻ ኮርጁ አልልም።

አባት_ደብረማርቆስ

አባት መያዝ ይችላል ወይ? እኔ ልያዝ ብዬ በር ላይ ያለው ጥበቃ «የጠያቂ ሰዓት አይደለም» ብሎ መልሶኛል። ሚስቴ ደም ፈሷት ሌላ ፎቅ ተኝታ ነበር። ልጁን ማን ይያዘው ታዲያ? ጠያቂ አይደለሁም፣ አባቱ ነኝ።

ሲስተር_ዘ

ወንድሜ፣ ይችላል፣ እንዴታ። ሸሚዝህን ታወልቃለህ፣ ልጁ ዳይፐር፣ ካልሲና ኮፍያ ብቻ ይለብሳል፣ ቀጥ ብሎ ደረትህ ላይ ይደረጋል፣ እግሩ እንደ እንቁራሪት ታጠፍ ይላል። ጭንቅላቱ ወደ አንድ ጎን ዞሮ ትንሽ ቀና ይበል፣ አንገቱ ወደ ፊት ከታጠፈ አየር ይዘጋበታል። ከዚያ በጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ማሰር፣ ከላይ ጋቢ። እጅህን በደንብ ታጠብ፣ ጉንፋን ካለብህ አትግባ። አያትም መያዝ ትችላለች፣ አክስትም።

የጥበቃው ነገር በጣም ነው ያሳዘነኝ። ጥበቃው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ የተሰጠው ዝርዝር ላይ አባት የሚባል የለም።

ሬዚደንት_ከኒኩ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሀሳቤን ቀይሬዋለሁ። ዛሬ ከሄድ ነርሳችንና ከሲኒየሬ ጋር አውርቼ የተስማማነው ይህ ነው።

ሎግቡክ ውስጥ አይገባም፣ ማርክ የለውም። ሐሙስ ከሰዓት ከርክክብ በፊት ለግማሽ ሰዓት፣ የፈለገ ያነባል፣ ያልፈለገ ያዳምጣል። ነርሶች ይጀምራሉ። ስለ አንዲት እናት ከተፃፈ እሷ ተጠይቃ፣ ፈቅዳ፣ ከፈለገች ተነቦላት። የእናቶቹ ደብተር ለብቻው፣ የእነሱ ንብረት።

ቅፁ ላይ ደግሞ አንድ ዓምድ ጨምረናል፣ ለጊዜው በእጅ በስክሪብቶ ነው። «ዛሬ ለመያዝ ምን አስቸገረሽ?» ይላል። «አትተባበርም» የሚለውን ቻርት ላይ መፃፍ አቁመናል፣ ቢያንስ በእኛ ተራ።

ለሆስፒታሉ የሚገባው ደብዳቤ ይህ ነው፦ እናትየዋ ልጇ እስካልወጣ ድረስ የክፍሉ ታካሚ ሆና ትመዝገብ፣ አልጋና ምግብ ይሰጣት፣ አባትና አንድ ተተኪ ያለ ሰዓት ገደብ ይግቡ። የምግቡን ወጪ ፋርማሲና ፋይናንስ እየጠየቅኩ ነው። በየትኛው ሆስፒታል ይህ በፅሁፍ የተፈቀደ እንዳለ የሚያውቅ ሰው በውስጥ መስመር ይንገረኝ፣ ከደብዳቤው ጋር ማያያዝ እፈልጋለሁ።

ጥናት_አስተባባሪ

ዓምዱን ጥሩ አደረጋችሁት። አንድ ምክር፦ መልሱን በእሷ ቃል ፃፉት፣ አሁኑኑ «ማህበራዊ ምክንያት»፣ «አካላዊ ምክንያት» ብላችሁ ኮድ አትስጡት። መመደቡ በኋላ ይደርሳል። ደብዳቤው ላይ የ2022ቱን ምክር አያይዙ፣ ውስጡ እናትና ልጅ እንዳይለያዩ የሚለው በግልፅ አለ። አስተዳደሩ ከእኛ ጭቅጭቅ ይልቅ እሱን ይሰማል።

ሲስተር_ዘ

መጋረጃውንም ደብዳቤው ላይ ጨምሩልኝ። አምስት አልጋ ነው፣ ጨርቁን ራሴ ለክቼዋለሁ፣ ልኬቱን ነገ እሰጥሃለሁ።